ረዳቶቹ ሲጠፉ

«ሁሉንም አጥፊው» አለ እንዳሻው ከሮሆቦት ጀርባ ቆሞ። «የአምስታችሁንም። አንድም ረዳት እንዳይቀር።»

ሮሆቦት ጣቷን ስክሪኑ ላይ እንዳደረገች ዞር ብላ አየችው። «ለምን ግን? እስከ ዛሬ በረዳት ስንነዳ ነበር እኮ።»

በውጭ አገር፣ ቶየን በሚባል ሰፈር ባለው የወጣቶች ክለብ ምድር ቤት ውስጥ አንድ የመኪና ውድድር መለማመጃ አለ፤ የውድድር መኪና ወንበር፣ መሪ፣ ፔዳሎችና ሦስት ትልልቅ ስክሪኖች ያሉት። እንዳሻው ኦከርን አካባቢ የከባድ መኪና መካኒክ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ግን እዚህ እየመጣ ልጆቹን ያሰለጥናል። ዛሬ የማጣሪያ ቀን ነው። አንደኛ የወጣ ልጅ በሚቀጥለው ወር ከሌሎች ክለቦች ጋር ይወዳደራል። የሚሄደው አንድ ልጅ ብቻ ነው።

«ድሮ በትልቁ ውድድርም እንዲህ ያለ ረዳት ነበረ፤ ኮምፒውተሩ ብዙ ነገር ይሠራ ነበር» አለ እንዳሻው። «ሹፌሩ ጋዝ ሲያበዛ ጎማው በባዶው እንዳይሽከረከር ይይዝለታል። ፍሬን ሲረግጥ ጎማው እንዳይቆለፍ ይጠብቅለታል። በኋላ ሕግ አውጪዎቹ ከለከሉት። የሚያሸንፈው ሹፌሩ ይሁን ኮምፒውተሩ መለየት አስቸገረ።»

«ቢኖር ምን አለበት? አደጋ ይቀንሳል። ያንተም መኪና አለው።»

«መንገድ ላይማ እንዳታጠፊው! በዚህ በረዶ እኔም ያለ እሱ ከቤት አልወጣ። እዚህ ግን የምንለካው መኪናውን አይደለም፣ እናንተን ነው። የውድድሩ አዘጋጆችም ከልክለዋል። በረዳት የነዳ ልጅ ከተገኘ ይሰረዛል። ማሽኑ ራሱ መጨረሻ ላይ ቢጫ ምልክት ያደርግበታል።»

«ያ፣ ያ፣ ገባኝ» አለች ሮሆቦት፤ «አዎ» ለማለት በአገሩ ቋንቋ «ያ» ነው የምትለው።

ረዳቶቹ የሚጠፉበት ገጽ በምስጢር ቁጥር ነው የሚከፈተው። ቁጥሩን የሚያውቁት እንዳሻውና እሷ ብቻ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከክለቡ የሚቀድማት ስላልነበረ እንዳሻው ያምናታል። የራሷን አጠፋች። የነብዩን አጠፋች፤ የርብቃንና የምናሴንም። መቅደስ የሚለው ስም ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

መቅደስ የአጎቷ የከፈለ ልጅ ናት። ከአባቷ ጋር ልትኖር ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስት ወር ሆናት፤ አባቷ ሥራ ሲሆን እነሮሆቦት ቤት ነው የምትውለው። ወደ ክለቡ ያመጣቻት ራሷ ሮሆቦት ነበረች፤ እሷ ስትነዳ ዳር ቁጭ ብላ እንድታያት። መቅደስ ግን በሁለተኛው ሳምንት «እስኪ እኔም ልሞክር» አለች። በአምስተኛው ሳምንት የሮሆቦትን የፍጥነት ክብረ ወሰን ሰበረች።

ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። መቅደስ ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ትላለች። ሮሆቦት እንዳሻውን በስሙ ብቻ «አንተ» እያለች ስትጠራው፣ መቅደስ «ጋሼ» ትለዋለች፤ እሱም ይሄን ሲሰማ ፊቱ ይበራል። የሮሆቦት እናት ቆንጂት ደግሞ መሀል ከተማው ሴንትሩም ካለው የጽዳት ሥራዋ ደክሟት ስትገባ «አየሻት መቅደስን? ሳትለመን ዕቃውን አጥባ ጠበቀችኝ» ትላለች። ሮሆቦትም ብዙ ጊዜ አጥባለች። «አየሻት» የተባለላትን ግን አታስታውስም።

አሁንም ስልኳ ጮኸ። የእናቷ መልእክት ነው። «ልጄ በላሽ? መንገዱ ያንሸራትታል፣ መቅደስን እጇን ይዘሽ አምጪያት። ጫማዋ ስስ ነው።»

የእኔስ ጫማ? አለች በልቧ።

«ሁሉም ጠፋ?» አለ እንዳሻው።

«ያ» አለችና የመቅደስን ሳትነካ ገጹን ዘጋችው።

እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ጊዜ ነው የሚነዳው። በመጀመሪያው ዙር ያለ ረዳት መንዳት ያልለመዱት ልጆች አሳር አዩ። ምናሴ ሦስቴ ተሽከርክሮ ሣሩ ላይ ወጣ፤ ነብዩ ደግሞ ከግድግዳ ጋር ተላተመ። ሮሆቦት ተጠንቅቃ ነዳችና አንደኛ ሆነች። መቅደስ ሦስተኛ ወጣች። ሮሆቦት የጠበቀችው ደስታ ግን አልመጣም። ከዝርዝሩ ጀርባ ማንም ገና ያላየው ቢጫ ምልክት እንዳለ ታውቃለች።

መቅደስ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። «ሮሂ፣ መኪናው ምን ሆኗል? ረዳቱ ጠፍቶም ከመዞሪያው ስወጣ ጋዝ ስሰጠው እንደ ድሮው ይታፈናል። እግሬን የሚይዘኝ ሰው ያለ ነው የሚመስለው።»

«ምንም አልሆነም።»

«በናትሽ አንዴ እዪልኝ?»

«አይቼዋለሁ አልኩሽ! ምንም የለውም።»

«እሺ፣ አትቆጪ» አለች መቅደስ። ደግሞ ወደ ሮሆቦት ጆሮ ጠጋ አለች። «አንቺ ግን ሦስተኛው መዞሪያ ላይ ትቸኩያለሽ። የማሽኑን ድምፅ ለምን ትቀንሺዋለሽ? ጎማው ሲጮህ ስሚው። ጩኸቱ ሲበርድ ያኔ ጋዝ ስጪው።»

«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«የእማዬ ወንድም ሚኒባስ አለው። ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ ጋቢና ነበር የምቀመጠው። የፍጥነት ቆጣሪው ከተበላሸ ስንት ዘመኑ! በጆሮው ነው የሚነዳው።» መቅደስ ሳቀች። «ትራፊክ ሲያስቆመው ምን እንደሚል ብነግርሽ!»

ሮሆቦት አልሳቀችም። ተራዋ ሲደርስ ግን ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሦስተኛው መዞሪያ ላይ ጎማው ጮኸ። ጠበቀች። ጩኸቱ በረድ ሲል ጋዙን ረገጠች፤ መኪናው እንደ ተወረወረ ድንጋይ ወጣ። ከቅድሙ በግማሽ ሰከንድ ፈጠነች።

«ኦይ ኦይ! ንግሥቲቱ ዙፋኗን ለቅቃ ላትሄድ ነው!» አለ ነብዩ።

ከሁሉም በላይ ያጨበጨበችው መቅደስ ነበረች። ያ ጭብጨባ ሮሆቦትን አናደዳት። አሁን ይህ ግማሽ ሰከንድ እንኳ የራሷ ብቻ አይደለም።

የቀረችው መቅደስ ነበረች። ወንበሩ ላይ ወጥታ ቀበቶዋን አሰረች፤ መሪውን ግን አልጨበጠችም። «ጋሼ፣ እኔ ይቅርብኝ?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እርስዎ ቅድም ያሉት እውነት ነው። እስከ ዛሬ ሲነዳ የነበረው ኮምፒውተሩ ነው እንጂ እኔ አልነበርኩም። ይኸው ሲጠፋ ታየሁ።»

«አንድ ዙር አይተሽ ነው? ንጂ እስኪ!» አለ እንዳሻው።

መቅደስ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ራሷን ነቀነቀች። ሮሆቦት መቅደስ ተሰርዛ እንድትወጣ ነበር የፈለገችው። መንዳት አልችልም ብላ አምና እንድትወጣ ግን አላሰበችም። ረዳቱ መኪናውን ሲያፍነው የተሰማት መቅደስ ብቻ ናት። ሮሆቦት ሁለት ዓመት በረዳት ነድታ አንድ ቀን እንኳ አልተሰማትም።

«ቆይ» አለችው እንዳሻውን።

ወደ ማሽኑ ሄዳ ቁጥሩን መታች። ገጹ ተከፈተ። ከመቅደስ ስም አጠገብ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ይታያል።

እንዳሻው መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። «ይሄማ በርቷል!»

«እንዴ! ልትሰረዝ ነው?» አለ ምናሴ።

«እኔ አልነካሁትም ጋሼ፣ እግዚአብሔርን! ቁጥሩንም አላውቀው» አለች መቅደስ ደንግጣ።

እንዳሻው ወደ ሮሆቦት ዞረ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። «በጥድፊያ ረስተሽው ነው፣ አይደል? ያጋጥማል።»

«አዎ፣ ረስታው ነው» አለች መቅደስ ቶሎ ብላ።

ሁሉም ሮሆቦትን ያያሉ። አንድ «ያ» ማለት ብቻ ይበቃታል። የመቅደስ የመጀመሪያ ዙር ይተዋል፣ ሁለተኛውን ትነዳለች፣ ከዚያ አብረው ወደ ቤት ይሄዳሉ። እናቷም ምንም አትሰማም።

«ናይ፣ አይደለም» አለች ሮሆቦት። ድምፁ የራሷ አልመስል አላት። «አልረሳሁትም። የሌሎቹን ሳጠፋ የእሷን እያየሁ ነው የተውኩት። የሚሰረዝ ካለ እኔ ነኝ።»

መቅደስ አሁን መሪውን ጨብጣ ታያታለች።

ሮሆቦት አረንጓዴውን መብራት አጠፋች። ከዚያ የማሽኑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ፣ መቅደስ እንድትነዳ ከወንበሩ ራቅ ብላ ቆመች።