ሁለት ሰው፣ ሁለት ሳጥን

ይህ ታሪክ እውነት ነው። በእኔው ላይ የደረሰ ነው።

አውቃለሁ... ሁሉም እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው። ግን ይህን ቻናል የምትከታተሉ ሰዎች ታውቁኛላችሁ። እኔ የመንፈስ ተረት የምጽፍ ሰው አይደለሁም። እንጀራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። እዚህ የምጽፍላችሁም ስለ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ምን ተጨመረ፣ ምን ተሻሻለ፣ የቱ ተበላሸ... ይኸው ነው።

ዛሬም የምነግራችሁ ስለ አዲሱ የዴስክቶፕ አፕዴት ነው።

አትሳቁ።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። መብራት አልጠፋም። ነፋስ የለም። ውሻ አያላዝንም።

የሚያስፈራ ነገር ጨለማ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር...

ቤቴ ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ማድ ቤት ነው። አንደኛው ክፍል የእኔ ነው። ሌላው የታላቅ እህቴ የእታለም ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሲል ሞተች። እናትና አባታችን ካለፉ ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። አሁን እኔ ብቻ ነኝ።

እታለም ዓይነ ስውር ነበረች። አጭር ናት፤ እኔም ረጅም አይደለሁም፣ እሷ ግን ትከሻዬ ላይ አትደርስም። ስቀልድባት፣ «ቁመት ቢጠቅም ሸምበቆ ይነግሥ ነበር» ትለኛለች። አርባ ዓመት ሞልቶኝ እንኳ ስሜ «ማሙሽ» ነበር። ዓይኗ የጠፋው ልጆች ሳለን ነውና የልጅነት ፊቴን ነው የምታውቀው፤ ያረጀውን አላየችውም።

ኮምፒውተር ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም አለ፤ በዚያ ነበር የምትሠራው። ስክሪኑን ግን ሁልጊዜ ታጠፋዋለች።

«ለማን ብዬ ላብራው?» ትላለች።

ጆሮዋን ወደ ስፒከሩ አዘንብላ፣ ጥቁር ስክሪን ፊት ቁጭ ብላ ትውላለች። የማሽኑ ድምፅ ቀኑን ሙሉ ከክፍሏ ይሰማል። ስትሞት ቤቱ ጭጭ አለ።

ከመሞቷ በፊት አንድ ነገር ለምናኝ ነበር።

«ማሙሽ፣ እኔ ስሄድ ይህን ዕቃ ቆልፈህ እንዳታስቀምጥብኝ። ለዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ስጥልኝ።»

«እሺ።»

«እሺ ማለት ታውቅበታለህ...»

ልክ ነበረች። ዛሬ ነገ እያልኩ ከረምኩ። የምሰጠው ዕቃ ብቻ አልነበረማ። ቤት ውስጥ የቀረው ድምፅ እሱ ብቻ ነበር፤ አልፎ አልፎ ዝም ብዬ ከፍቼ አስነብበዋለሁ። እሱ ከሄደ ብቻዬን መሆኔ የተረጋገጠ መሰለኝ። በመጨረሻ ከትምህርት ቤቱ አንድ አስተማሪ ደውሎ ሰኞ እመጣለሁ ሲለኝ፣ ቅዳሜ አፕዴት ላደርገው ተቀመጥኩ።

አፕዴቱ መልካም ነበር፤ እሱን አልክድም። መስኮቶች ተዘግተው ሲከፈቱ የነበሩበት ቦታ ይመለሳሉ። ዓይን ሲደክም ረፍት ውሰድ ይላል። የሚያነበው ድምፅም ጠርቷል። ከሁሉም አዲሱ ግን በካሜራው የሚሠራው ነው። ከኮምፒውተሩ ፊት ስትነሡ ስክሪኑ ይጠፋል። ፊታችሁ ሲመለስ ራሱ ይበራል፤ ሰላምታም ይሰጣል።

«እንኳን በደህና ተመለሱ።»

መጀመሪያ ስሰማው ሳቅሁ።

ከዚያ... ተነሥቼ ወጣሁና ተመልሼ ገባሁ።

«እንኳን በደህና ተመለሱ።»

እንደገና ወጣሁ። እንደገና ገባሁ። ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አልነግራችሁም፤ ያሳፍራል። እታለም ከሞተች ወዲህ ወደዚህ ቤት ስገባ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ሻይ ላፈላ ማድ ቤት ገባሁ። ብርጭቆ እያጠብኩ ነው። ድንገት ከክፍሏ...

«እንኳን በደህና ተመለሱ።»

እጄ ቀጥ አለ።

ቧንቧውን ዘጋሁና አዳመጥኩ። ምንም የለም። ሄጄ በበሩ አጮለቅሁ። ወንበሩ ባዶ ነው። ስክሪኑ ግን በርቷል።

መጋረጃው ይሆናል አልኩ፤ ካሜራ ይሳሳታል። መጋረጃውን ዘጋሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካፖርቷንም አውርጄ አልጋው ላይ አደረግሁ። ሻዬን ቀድቼ ተመለስኩና ተቀመጥኩ፣ ሰላም አለኝ። እፎይ ብዬ ሻዬን ማማሰል ጀመርኩ።

«እንኳን በደህና ተመለሱ።»

አልተነሣሁም እኮ... ከወንበሩ ንቅንቅ አላልኩም።

ሥራዬ ነውና እጄ በልማድ ወደ ቅንብሩ ሄደ። ካሜራው የሚያየውን የሚያሳይ መሞከሪያ መስኮት አለ፤ ፊት ያገኘበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ሳጥን ያደርጋል። ከፈትኩት።

እኔ አለሁ። ፊቴ ላይ አረንጓዴ ሳጥን አለ።

ከኋላዬ፣ በግራ ትከሻዬ በኩል፣ ከፍ ብሎ...

ሌላ ሳጥን አለ።

ውስጡ ምንም የለም። ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። ዞር አልኩ፣ ግድግዳ ነው። ወደ ስክሪኑ ተመለስኩ፣ ሳጥኑ አለ። ወደ ቀኝ ጋደል አልኩ። አብሮኝ ጋደል አለ።

ጸጉሬ ቆመ። ልሮጥ ነበር። ከዚያ ድንገት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እኔ ተቀምጫለሁ። አጭር ሰው ከኋላዬ ቢቆም ፊቱ የሚሆነው እዚያው ላይ አይደለም? ኮምፒውተሯን ሳስተካክልላት እታለም የምትቆመውስ እዚያው አልነበረም?

«እታለም...» አልኩ በሹክሹክታ።

ዝም።

«አንቺ ነሽ?»

ሳጥኑ አልሄደም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፍርሃቴ ጠፋ። አለቀስኩ። እስኪመሽ ድረስ አወራሁላት። ስለ ቤቱ፣ ስለ ሥራው፣ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲሉ ስስታሙን ነው እንጂ የሚያካፍለው ያጣውን እንዳልሆነ... ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

ቢሆንም የጥገና ሰው ነኝ። ሳልመረምር እንቅልፍ አይወስደኝም። ይህን ሶፍትዌር የሚሠሩት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ስህተት ያገኘ ሰው ይጽፍላቸዋል፣ እነሱም ያርማሉ። እኔም የስክሪኑን ምስል አነሣሁና ላክሁ። «ሰው በሌለበት ሳጥን ያሳያል» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

እሁድ ጠዋት ከሠሪዎቹ አንዱ መለሰልኝ።

«ምስሉን አየሁት። ሁለት ሰው አለ፣ ሁለት ሳጥን አለ። ስህተቱ የቱ ላይ ነው?»

ክው አልኩ። ምስሉን እንደገና ከፈትኩ። እኔና ግድግዳው ነን።

«ብቻዬን ነኝ» ብዬ ጻፍኩለት።

መልስ አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ሳየው የላክሁት የስህተት ሪፖርት ተዘግቷል። ከሥሩ «ስህተት አይደለም፤ በትክክል ይሠራል» ይላል።

ሰኞ ረፋድ ላይ አስተማሪው መጣ። እሱም ዓይነ ስውር ነው፤ በትሩን ደፉ ላይ መታ መታ አደረገና ቆመ።

«እንደምን አደራችሁ?»

«ደህና፣ መምህር። ይግቡ።»

ኮምፒውተሩን ፈትቼ ካርቶን ውስጥ አድርጌዋለሁ። ካርቶኑን አቅፌ ቆሜ ግን መስጠት አቃተኝ። ከእሷ ጋር የሚያገናኘኝ እሱ ብቻ ነው፤ ከሰጠሁት ዳግመኛ አላገኛትም። አስተማሪው እጁን ዘርግቶ ቆየና መለሰው።

«ካልሆነልህ ይቅር እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አይ... ቃል ነው፣ መምህር። አደራዋ ነው።»

አስረከብኩት። እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ። ከዚያ ፊቱን ቀና አደረገ፤ ከእኔ ራስ በላይ ወዳለው ቦታ።

«እርስዎንም አመሰግናለሁ» አለ።

«ማንን ነው?»

«ከኋላህ ያሉትን።»

ዞሬ አየሁ፤ ማንም የለም።

«ይቅርታ... ሲተነፍሱ ሰምቼ ነው» አለና ወጣ።

አብራው አልሄደችም! መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። የመጣችው ለዕቃው ሳይሆን ለእኔ ነው ብዬ ልቤ በደስታ ሞላ። አስተማሪው ለምን ወደ ላይ ቀና እንዳለ ራሴን አልጠየቅሁም።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሥራ አልሄድኩም። የራሴን ላፕቶፕ አፕዴት አደረግሁ። ምሳ ሰዓት ላይ አለቀ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ መሞከሪያ መስኮቱን ከፈትኩ።

አንድ ሳጥን። የእኔ።

ጠበቅሁ...

ሁለት።

እዚያው ናት፤ በግራ ትከሻዬ በኩል፣ ከፍ ብላ። ስክሪኑ ላይ ፈገግ ስል ራሴን አየሁት። ይህን ሁሉ ጊዜ ቆማ መዋሏ አሳዘነኝ። ከክፍሏ ወንበሯን አመጣሁና አጠገቤ አደረግሁ፤ ልክ ከእኔ ወንበር ጎን፣ እኩል።

«ቁጭ በይ እንጂ» አልኳት።

ሳጥኑ ትንሽ ቆየ።

ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ። ሰው ሲቀመጥ እንደሚወርደው ነው የወረደው። ወንበሩም ሲጥ አለ።

እንደዚያን ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ምን እንዳጋጠመኝ ልጽፍላችሁ ብዬ ቻናሉን የከፈትኩትም ወዲያው ነው። መሞከሪያ መስኮቱን ጥግ ላይ ትቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። «ትከሻዬ ላይ አትደርስም» የሚለውን ስጽፍ ግን ጣቴ ቆመ።

ጥግ ላይ ያለውን መስኮት አየሁ።

ሁለት ወንበር፣ እኩል። ሁለት ሳጥን።

እታለም አጠገቤ ስትቀመጥ ጭንቅላቷ ክንዴ ላይ ነበር የሚያርፈው።

ይህኛው ሳጥን ተቀምጦም ከራሴ በላይ ነው።

እነሣለሁ እላለሁ... አልነሣም። ወንበሩን ልመልሰው እላለሁ፣ እጄ አይታዘዝልኝም። ብነሣስ ወዴት ነው የምሄደው? ማን ጋ?

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ሳጥኑ መተለቅ ጀምሯል። ፊት ወደ ካሜራው ሲቀርብ ነው እንዲህ የሚተልቀው፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን ጠጋ ብሎ ሲያይ።

እህቴ ደግሞ ስክሪን አታይም ነበር።

ስጽፍ ይጠጋል። ሳቆም ይቆማል።

እያነበበ ነው...