የሰኞው ምስልና የሐሙሱ

ተናኜ ለፖሊስ የሰጠችው ቃል አጭር ነበር፤ «ሐሙስ ጠዋት ጎረቤታችን መሳፍንት በመስኖ ተራ ተጣልቶ የባሌን የፈለቀን ወገብ በዱላ መታው።»

መሳፍንት ደግሞ ከታሰረበት እንዲህ አለ፤ «ፈለቀ ሰኞ ዕለት ከማንጎ ዛፍ ወደቀ። አዝዬ ሐኪም ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ደጃቸውንም አልረገጥኩም።»

ፈለቀ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ፤ ግራ ኩላሊቱ ተቀዶ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ኢንስፔክተር ማህደር ከሸዋ ሮቢት ዳር ካለው የለቅሶ ድንኳን ደረሰች። ከባጃጅ ስትወርድ እግሯ ወለም አላት። የሟች አባት ጋሼ ተክሌ ጎንበስ አሉና ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣታቸው ተጭነው አሹት።

«እጅዎ ያውቃል፣ ጋሼ።»

«አርባ ዓመት ወጌሻ ነኝ፣ ልጄ። የቀወት ወረዳ ሰው ወገብ በዚህ እጅ ነው የተቃናው።»

ማህደር ወደ ጓዳ ገባች። ተናኜ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ሐኪሙ ሰኞ ዕለት ምን አለው?»

«ተኛ፤ አትነቃነቅ፤ ወገብህን ማንም አይንካህ።»

«ታዲያ ማንም አልነካው?»

ተናኜ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የፈለቀ ሸሚዝ ጀርባው በቅቤ ወዝቶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ መሳፍንት በካቴና መጣ። የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር ዘላለም ሁለት ምስሎች ይዞ ተከተለው። ጋሼ ተክሌም ከድንኳኑ ገቡ፤ አምስቱም ጓዳው ውስጥ ተሰበሰቡ።

«ይህ የሰኞው አልትራሳውንድ ነው» አለ ዶክተሩ። «ኩላሊቱ ተሰንጥቋል፤ ደሙ ግን ሽፋኑ ውስጥ ረግቶ ቆሟል። በእረፍት ይድን ነበር። ይህ ደግሞ የሐሙሱ ሲቲ ስካን ነው። ስንጥቁ እንደገና ተከፍቷል፤ ሽፋኑ ተቀዷል፤ ትኩስ ደም ዙሪያውን ሞልቶታል።»

«እንግዲህ ስለ ዛፉ መሳፍንት አልዋሸም» አለች ማህደር። «ሐሙስስ? ዱላ ቢሆን መጀመሪያ ላዩን ይጎዳው ነበር።»

«ቆዳውም፣ ጡንቻውም፣ ጎድኑም ደህና ነው።»

«ስለዚህ የመታው የለም። አጥብቆ፣ ደጋግሞ የተጫነ እጅ ነው። ሸሚዙ ላይ ደግሞ ቅቤ አለ።» ማህደር ወደ ሽማግሌው ማየት ከበዳት።

«ተይው!» ብላ ተናኜ ጮኸች። «ሕመሙ ሲጠናበት እሹት ብዬ አባቱን የጠራሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ያለውን አልነገርኳቸውም። ልጄን ገደልኩ ብለው እንዳይሞቱብኝ ነው የዋሸሁት።»

«እኔስ፣ ተናኜ?» አለ መሳፍንት ቀስ ብሎ። «እኔ የሰው ልጅ አይደለሁም?»



ጋሼ ተክሌ ጣታቸውን ወደ ምስሉ ዘረጉ፤ ስንጥቁ ጋ ሲደርሱ መልሰው ሰበሰቡት።

«ነገ ሰልስት ነው፤ አገሩ ሁሉ ይመጣል» አሉ። «ይህን ልጅ ፍቱልኝ፤ አጠገቤ ይቁም። ድንኳኑ መካከል ቆሜ፣ ፈለቀን የገደለው የአባቱ እጅ ነው እላለሁ። ወገቡን የተጎዳ ሰውም ከእንግዲህ ወደ እኔ አይምጣ።»