ጋሼ መኩሪያ አፋቸውን የከፈቱ ቀን

በዚያ ቀን በጋሼ መኩሪያ አፍ ውስጥ ያየሁት ነገር የማን ነበር?

ስንት ዓመት አሰብኩበት።

ይህ የሆነ ነገር ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም፣ በሕልሜም አልመጣም። በእነዚህ ዓይኖቼ ያየሁት፣ በእነዚህ ጣቶቼ የነካሁት ነው። በፈረንጆቹ 1989፣ በመጋቢት፣ አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ። ቦታው ሎስ አንጀለስ።

ጨለማ አልነበረም። የጥርስ ክሊኒኩ መብራት ከራሴ በላይ ቦግ ብሎ ነበር።

አሁን አዲስ አበባ ተመልሻለሁ። ሰርግ ስጠራ እሄዳለሁ፤ ምግብ ሲቀርብ ግን ሰበብ ፈልጌ እወጣለሁ። ሰው ሰውን ሲያጎርስ ማየት አልችልም።



ያኔ የምማረው በአንድ የመንግሥት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነበር። ስሙን አልጠራም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓሮ፣ በእንጨት ክፍሎች የተጀመረ ኮሌጅ ነው። መጀመሪያ ስፌትና ብየዳ ያስተምር ነበር። ቀጥሎ እዚያው አቅራቢያ ሃውቶርን ከተማ ላሉ ፋብሪካዎች አውሮፕላን የሚገጣጥሙ ሠራተኞችን አወጣ። ከዚያ ነርሲንግ ተጨመረ፤ ከነርሲንግ በኋላ የእኛው ትምህርት፣ የጥርስ ጽዳት።

ይህ ታሪክ በሙሉ መግቢያው ላይ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ከሥሩ የእያንዳንዱ ትምህርት የእውቅና ምስክር ወረቀት ተደርድሯል።

የእኛው ሊወርድ ምንም አልቀረውም ነበር። ባለፈው ዓመት ብዙ ተማሪ ወድቋል። ዘንድሮም ከተደገመ እውቅናው ይነሳል እየተባለ ይወራል።

ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያኔ የእኛ ሰዎች የከፈቷቸው ምግብ ቤቶች ከሁለት ሦስት አይበልጡም። እትዬ ካሰች ምግብ ቤት ስገባ ንጋቱ ሁልጊዜ ይጠብቀኛል። ሆሊውድ አንድ ሆቴል በር ላይ መኪና የሚያቆም ልጅ ነው።

«ዓለምሰገድ! አገር ጥለህ የመጣኸው የሰው አፍ ልታጥብ ነው?»

«አንተስ የሰው መኪና ፓርክ ታደርግ የለ?»

«መኪና እኮ አይሸትም!»

ቤቱ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

በክፍላችን ሐበሻ ሁለት ነን። እኔና ሳብሪያ። ሳብሪያ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ጎበዝ፣ ተጫዋች። መምህራችን ሚስስ ሃልቨርሰን «ጤነኛ አፍ ማየት የሚፈልግ ሳብሪያን ይይ» ትል ነበር።

የመጨረሻው ፈተና እንዲህ ነው። ተማሪው በሽተኛውን ራሱ ፈልጎ ያመጣል። የሚመጣው ሰው ጥርሱ ላይ ወፍራም ታርታር ሊኖረው ይገባል። ታርታር ማለት ቆሻሻው ከምራቅ ጋር ተጋግሮ፣ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ፣ ድድ ሥር የገባው ነው። ተማሪው ያንን ፈታኞች ፊት ይፍቃል። ሰው ካላመጣህ ወይም ያመጣኸው ሰው ጥርሱ ንጹሕ ከሆነ ወደቅህ።

ከወደቅህ ላይሰንስ የለም። የእኔና የሳብሪያ የተማሪ ወረቀት ደግሞ በሰኔ ያበቃል። አገር ቤት ጦርነት ነው። ወዴት እንሄዳለን?

ሶ... ፌርፋክስ ላይ የቆሸሸ አፍ ፍለጋ ወጣሁ።

ጉድ እኮ ነው። የእኛ ሰው መፋቂያውን ከአገር ያስልካል! ሳሎኑም፣ አውቶቡሱም ላይ ይፍቃል። አፉን ያስከፈትኩት ሁሉ ጥርሱ እንደ ወተት ነው። ንጋቱ እንኳ ፈገግ ብሎ አሳየኝና «ሶሪ ዶክተር» አለኝ።

አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

ጋሼ መኩሪያ።

ዳውንታውን አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠሩ፣ ስድሳ የሚሆናቸው ሰው ናቸው። እትዬ ካሰች ቤት ጥግ ላይ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ሲያወሩ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳቸው።

ቶሎ እሺ አሉኝ። በጣም ቶሎ።

«ስንት ሰው ያየዋል?» አሉ ከእጃቸው ጀርባ።

«እኔ፣ አስተማሪዬ... ፈታኞቹ።»

«ጥሩ ነው ልጄ። ብዙ ሰው ይየው።»

ሂሳብ ስከፍል እትዬ ካሰች ክንዴን ያዙኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው...

«ዓለሜ፣ እኚህን ሰውዬ ተዋቸው።»

«ለምን እትዬ?»

«የበሉበትን ሳህን እኔ ራሴ ነኝ የማጥበው። ለሠራተኞቹ አልሰጥም።»

«ምን ሆኖ?»

«ተዋቸው አልኩህ እኮ።»

አልተውኳቸውም።

ከፈተናው በፊት ለምርመራ ወደ ኮሌጁ ክሊኒክ መጡ። ወንበሩ ላይ ተጋደሙ። እጃቸውን ከአፋቸው አነሱ።

ሽታው ጭምብሌን አልፎ መጣ። የበሰበሰ ሽታ አይደለም፤ እሱንስ ለምጄው ነበር። የሚጣፍጥ ሽታ ነው። እንደ ሞቀ ማር... ከሥሩ ግን የእርጥብ ቆዳ ሽታ አለው።

የታችኛው ጥርሳቸው ከኋላ በኩል አይታይም። ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ግድግዳ ሆኗል። ቡናማ፣ ወዛም፣ ዳርና ዳሩ ቢጫ። በጣቴ ነካሁት።

በጓንቱ ውስጥ ሙቀቱ ተሰማኝ። ድንጋይ መሆን የነበረበት ነገር... ይሞቃል።

ራጅ አነሳኋቸው። የጥርሱ ሥር በፊልሙ ላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ይወርዳል... ፊልሙ አለቀ። ሥሩ አላለቀም።

ለሚስስ ሃልቨርሰን አሳየኋት። በደንብ እንኳ አላየችውም።

«ፊልሙ ተበላሽቷል» አለች። «ታርታር አለው?»

«አለው።»

«በቃ! እሱን ይዘህ ቅረብ።»

የምስክር ወረቀቱ ነበር በዓይኗ ላይ ያለው።

ቅዳሜ ደረሰ።

ሳብሪያ ኮሪደር ላይ እየሮጠች መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ዘሐራ ካንስል አደረገች! አሁን ደውላ! ትኩሳት ይዞኛል አለች!»

ዘሐራ ሳብሪያ ለፈተናው ያገኘቻት በሽተኛ ነበረች።

«ሌላ ሰው የለሽም?»

«በዚህ ሰዓት ከየት? ዓለሜ... ግማሹን ስጠኝ።»

ደንቡ ይፈቅዳል። አንድ በሽተኛን ሁለት ተማሪዎች መካፈል ይችላሉ፤ አንዱ ቀኙን፣ ሌላው ግራውን።

«ሳብሪያ... እኚህ ሰውዬ ደስ አይሉኝም።»

«ላገባቸው ነው እንዴ? ግማሽ አፍ ነው የጠየቅኩህ!»

ምን ይባላል? አገር ልጅ ናት። እሺ አልኳት።

ቀኙን እኔ ጀመርኩ።

ፋቅሁ። ደም አልወጣም። ምራቅ የለም። የተነሳውን ቅርፊት ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጣለሁ። አንዱ ትልቅ ነበር፤ ጎበጥ ያለ፣ የጥፍር ቅርጽ ያለው።

ከዚያ ግድግዳው ተሰነጠቀ።

ከጀርባው ድድ አልነበረም።

ጥርስ ነበር። ትንንሽ። ነጭ። አዲስ የበቀለ የሕፃን ጥርስ... ረድፉን ጠብቆ።

መስታወቴን አስጠግቼ ጎንበስ አልኩ።

ትንንሾቹ ጥርሶች ተከፈቱ።

የመሣሪያዬን ጫፍ ነከሱት።

አልሳብኩም። መሳብ አልቻልኩም። ሁለት እጄ አፋቸው ውስጥ ነው። የጋሼ መኩሪያ ከንፈር ተበርግዶ ተከፍቷል፤ ምላሳቸው አይንቀሳቀስም። እንደዚያ ሆነው ግን ድምፅ መጣ። ጥርት ያለ፣ የተስተካከለ ንግግር።

«አይዞህ ልጄ። ቀስ በል።»

ጥርሶቹ መሣሪያዬን ለቀቁት። 

ፈታኙ መጣ። ሸበቶ፣ ኮስታራ ፈረንጅ። መብራቱን አስተካክሎ አፋቸው ውስጥ አየ። ቆየ... በጣም ቆየ። ራሱን ነቀነቀ፤ እንደሚያዳምጥ ሰው።

«ኦኬ ሰር» አለ።

ማንም የተናገረ ሰው አልነበረም።

ፈርሞ ሄደ።

ቀጥሎ ሳብሪያ ገባች። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ እጄን ደጋግሜ ታጠብኩ። ስመለስ ጨርሳ ኮሪደር ላይ ትስቃለች።

«አየሽው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«ከኋላ ያለውን... ትንንሾቹን።»

«ምን ትንንሽ? የእኔ በኩል ቀላል ነበር። ራሱ ነው የተነሳው፣ እንደ ልጣጭ። ምን ሆነሃል?»

ምናልባት ደክሞኛል አልኩ። እንቅልፍ አልተኛሁም፣ ፈርቻለሁ፣ መብራቱ ያጭበረብራል... ለራሴ ብዙ ነገር ነገርኩት።

ጋሼ መኩሪያ በሩ ላይ ይጠብቁናል። እጃቸው አፋቸው ላይ አልነበረም።

«ምሳ እኔ ነኝ የምጋብዛችሁ» አሉ።

እምቢ ልል ነበር። ሳብሪያ ቀደመችኝ።

«እናመሰግናለን ጋሼ! የዛሬው ውለታዎ መቼም አይረሳኝም።»

እትዬ ካሰች ቤት ገባን። ሑዳዴ ነበር። ሥጋ ስለሌለ ሳብሪያም እስላም ክርስቲያን ሳትል ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ ትበላለች። ሽሮ፣ ጎመን፣ ምስር ወጥ ቀረበ። እትዬ ካሰች ትሪውን አስቀመጡና ዓይኔን ሳያዩ ሄዱ።

ጋሼ መኩሪያ አልበሉም። ጠቀለሉ።

«በሞቴ» አሉ፤ ጉርሻው አፌ ጋ ደርሷል።

ሽማግሌ «በሞቴ» ብሎ ሲያጎርስ የሚከለክል የእኛ ሰው አለ? አፌን ከፈትኩ።

ጣታቸው ከንፈሬን አልፎ ገባ። ቆየ ውስጥ። ምላሴን ነካው።

አኘክሁ።

ቀጭ።

ጠጠር መሰለኝ። የምስር ጠጠር። ፊቴን አዙሬ ሶፍት ላይ ተፋሁት።

ጠጠር አይደለም።

ቡናማ ቅርፊት ነው። ጎበጥ ያለ፣ የጥፍር ቅርጽ ያለው። ጠዋት በእጄ ከአፋቸው አውጥቼ ጨርቅ ላይ ያስቀመጥኩት።

ሶፍቱ ላይ ሆኖ ይሞቃል።

ቀና ስል የሳብሪያ ጉንጭ ሞልቷል።

«ሳብሪያ! አትዋጪው! ትፊው!»

ቀጭ... ቀጭ...

ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንድ ነገር እንደገባት አየሁ። ግን ጋሼ መኩሪያ ፊቷ ላይ አፍጥጠዋል። የሽማግሌ ጉርሻ ፊቱ ላይ አይተፋም። ወላጆቿ አሳድገው፣ ቀጥተው እንዲህ አስተምረዋታል።

ዋጠችው።

«ጎሽ» አሉ ጋሼ መኩሪያ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ፈገግታቸው ቆንጆ ነበር።

ውጤቱ መጣ። ሁለታችንም አለፍን። ኮሌጁም እውቅናውን አላጣም፤ ሚስስ ሃልቨርሰን ኬክ ገዛች። ሳብሪያ ኬኩን አልበላችም። አንድ ጥግ ቆማ በእጇ አፏን ሸፍናለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ድዴን ይበላኛል» አለች።

«አሳዪኝ።»

«አሁን አይደለም።»

«እኔ እኮ ነኝ፣ ሳብሪያ። ላይሰንስ አለኝ!» ልቀልድ ሞከርኩ።

«የምታየው አንተ ብቻ ነህ» አለችኝ። «ብዙ ሰው ሲኖር አሳያለሁ።»



ከዚያ ወዲያ ሥራ አልጀመረችም። ሆሊውድ ያለው አፓርታማዋ ሄጄ ባንኳኳ አትከፍትም። አንድ ቀን ስልክ አነሳች። «ደህና ነኝ» አለች... እኔ ግን የያዝኩትን ስልክ ከፊቴ አራቅሁት።

ሸተተኝ። የሞቀ ማር፣ ከሥሩም እርጥብ ቆዳ። በስልክ።

ጋሼ መኩሪያን ላገኛቸው ፌርፋክስ ሄድኩ። እትዬ ካሰች ጠረጴዛ ይወለውላሉ።

«ሥራ ለቀው መኖሪያቸውን ወደ ሃውቶርን አዛውረዋል አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሳቂታ ሆነው ነበር። ጥርሳቸው ሲያምር!» ጨርቁን አስቀመጡ። «ልጅቷስ?»

በቀጥታ ወደ ሳብሪያ ድራይቭ አደረግሁ።

እኩለ ቀን ነው። ፀሐዩ ያቃጥላል። መንገዱ ማዶ ፓርክ አድርጌ ቀና አልኩ።

በረንዳዋ ላይ ቆማለች።

ፊቷን ወደ መንገዱ፣ ወደ አላፊ አግዳሚው አዙራለች። እጆቿ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። አፏ ተከፍቷል። ሰው አፉን የሚከፍተው እስከዚያ ድረስ አይደለም...

ዝንቦች ነበሩ።

አንድ በአንድ ይመጣሉ። ከንፈሯ ላይ ያርፋሉ። ይገባሉ።

ቆሜ አየሁ። የሚወጣ አልነበረም።

ጥግ ላይ ካለው የሕዝብ ስልክ ደወልኩላት። የበረንዳው በር ክፍት ስለሆነ ስልኩ ቤቷ ውስጥ ሲጮኽ ከመንገዱ ማዶ ይሰማኛል። ዘወር አላለችም። የሚነገረውን ጮክ አድርጎ የሚያሰማው መልእክት መቀበያ ማሽኗ ተቀበለኝ።

«ሳብሪያ፣ ዓለምሰገድ ነኝ። ታች ነኝ፣ ፊት ለፊትሽ። አፍሽን ዝጊና ወደ ውስጥ ግቢ። እባክሽ... ከዚያ ደውዪልኝ።»

ድምፄ ከቤቷ ውስጥ እየጮኸ ወደ መንገዱ ተመለሰ። ሁለት ዝንቦች ከንፈሯ ላይ ተራ ይጠብቁ ነበር።

አልደወለችም።