የአሥራ አንድ ደቂቃው መንገድ

«ትናንት ጠዋት በባቡር ማቋረጫው በኩል በብስክሌት የመጣችሁ፣ እጃችሁን አውጡ» አሉ መምህር ኦኪታ።

ማንም እጁን አላወጣም። ናጊሳ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ተጫነቻቸው። መምህሩ ቀጠሉ። በየጠዋቱ ቢጫ ባንዲራ ይዘው ሕፃናቱን መንገድ የሚያሻግሩት እማማ ያሱኤ ወድቀው ክንዳቸው ተሰብሯል። እሳቸው «ራሴ ተደናቅፌ ነው» ይላሉ፤ አንድ ባለሱቅ ግን የዚህን ትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ በብስክሌት ስትፈተለክ አይቻለሁ ብሏል።

«ናጊሳ፣ የእናንተ ሰፈር በዚያ በኩል አይደል?»

ቀልጠፍ ብላ የመለሰችው አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ሆኖካ ናት። «እኛ በቦዩ ዳር ነው የምንመጣው፣ ቲቸር! ማቋረጫው ይዘጋብናላ!»

በእረፍት ሰዓት ሆኖካ ጎሸም አደረገቻት። «ምነው አመድ መሰልሽ? አለቀ እኮ! ከዛሬ ጀምሮ በቦዩ በኩል ነው፣ በቃ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከናጊሳ ቤት እስከ ትምህርት ቤት በብስክሌት አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ ያውም መንገዱን የሚዘጋው የማቋረጫው አግዳሚ ካልወረደ። ለሁለት ሰዓት ስምንት ጉዳይ ሲሆን ደወሉ ይጮኻል፣ አግዳሚው ይወርዳል፣ ከዚያ ባቡር በባቡር ላይ እየተከታተለ አሥር ደቂቃ ያስቆማል። በዚያ የኦሳካ ሰፈር ይህን ማቋረጫ ያልረገመ ሰው የለም። ማክሰኞ ዕለት ናጊሳ አርፍዳ ነበር። ደወሉ ጀመረ። ቀድማ የተሻገረችው ሆኖካ «ፍጠኚ!» እያለች ትጮኻለች። ከሐዲዱ ወዲህ ደግሞ እማማ ያሱኤ ባንዲራቸውን ዘርግተዋል፤ ቢጫ ቆብ ያደረጉ ሕፃናት ተሰልፈው መንገዱን ሊሻገሩ ነው።

ናጊሳ ባንዲራውን አይታዋለች። አይታው ነው ፔዳሉን የረገጠችው። ይህን ለራሷ እንኳ መዋሸት አልቻለችም።

የብስክሌቷ መሪ የአሮጊቷን እጅጌ ያዘ። «ውይ!» የሚል ድምፅ ሰማች። ሐዲዱን ተሻግራ ዘወር ስትል አግዳሚው መሃላቸው ወረደ፣ ባቡሩም መጥቶ ጋረዳቸው። ያኔ እፎይ አለች። ከሁሉም በላይ የሚያሳፍራት ያ እፎይታ ነው።

በቦዩ ዳር ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። በተከታዩ ሰኞ ማታ እራት ላይ የሰባት ዓመቷ እህቷ ሚኦ ሩዟን በጉንጯ ሞልታ «እማማ ያሱኤ ስላንቺ ጠየቁኝ» አለቻት።

«ምን... ምን ብለው?»

«እህትሽ አሟታል እንዴ፣ ጠዋት ጠዋት አላያትም፣ አሉኝ። እጃቸው ጄሶ ውስጥ ነው። ይሄን ስጫት ብለዋል።» ሚኦ ከኪሷ ከረሜላ አውጥታ ከሾርባው ሳህን አጠገብ አስቀመጠችላት።

ናጊሳ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች።

በማግስቱ ጠዋት ከሆኖካ ጋር መንገዱ የሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ ናጊሳ ወደ ቦዩ አልታጠፈችም።

«ወዴት ነው?» ሆኖካ እየተነጫነጨች ተከተለቻት። «አብደሻል? ስለ እኔስ አስበሻል? በክፍል ፊት ውሸታም ልታሰኚኝ ነው!»

ናጊሳ ወደ ማቋረጫው ነዳች። እማማ ያሱኤ የተሰበረውን ክንዳቸውን አንገታቸው ላይ አስረው፣ ባንዲራውን በደህናው እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ናጊሳ ከብስክሌቷ ወርዳ ጎንበስ አለች። ሆኖካ ቀና ብላ እንኳ ሳታያቸው ሐዲዱን ተሻገረች።

«እማማ... ያን ቀን... እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። የዚህን ብስክሌት ሲጥ ሲጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ። ብናረጅ አልደነቆርንም!»

«ታዲያ ለምን ተደናቀፍኩ አሉ?»

«መምህርሽ ጆሮሽን ይዘው እየጎተቱ ቢያመጡሽ ለእኔ ምን ይረባኛል? በራስሽ እግር እንድትመጪ ብዬ ነው። በሁለት ቀን ትመጣለች ስል ሳምንት ፈጀብሽ።» በድምፃቸው ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ተቀይመዋል።

«ይቅርታ» አለች። እንባዋ አገጯ ድረስ ወረደ። «አይቼዎት ነበር። ባንዲራውንም አይቼ ነበር።»

ደወሉ ጮኸ።

«በይ ሂጂ፣ ይዘጋብሻል» አሉ አሮጊቷ።

«ነይ እንጂ!» አለች ሆኖካ ከማዶ።

የናጊሳ እግር እንደ ልማዱ ፔዳሉ ላይ ወጣ። ከዚያ መልሳ አወረደችው። ብስክሌቷን አቆመች፤ በመንገዱ ዳር ምሰሶ ላይ ከታሰረው ቱቦ ትርፍ ባንዲራ መዘዘችና ከመንገዱ ማዶ፣ ከአሮጊቷ ትይዩ ሄዳ ዘረጋችው። ሕፃናቱ ተሻገሩ፤ ሚኦ ከመሃላቸው አፏን ከፍታ አየቻት። አግዳሚው ወረደ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የአርፋጆችን ወረቀት በሩ ላይ ሰጣት። «የዘገዩበት ምክንያት» የሚል አንድ መስመር አለው።

«ያው ባቡር ነው አይደል? ሁሉም ባቡር ብሎ ነው የሚጽፈው» አላት።

«አይደለም» አለች ናጊሳ። የሆኖካን ስም አላነሳችም፤ እሱን መናገር የሆኖካ ፋንታ ነው። «ባለፈው ማክሰኞ፣ ባንዲራውን እያየሁ...» ብላ መጻፍ ጀመረች። መስመሩ አለቀባት። ወረቀቱን ገልብጣ ቀጠለች።