ከሣጥኑ የተቀደደው ወረቀት

ኦርቮኪ ሳትለካ አትናገርም፤ ባሏ ቬይኮ ደግሞ ሳይጠይቅ ይፈርዳል። እሷ በፊንላንድ ረግረጋማ እርሻዎች እየዞረች ረግረጉ ሲደርቅ ከአፈሩ የሚወጣውን ካርቦን ትመዘግባለች፤ ቁጥሯም አገሪቱ ወደ አረንጓዴ ዕድገት ምን ያህል እንደተራመደች በሚያሳየው ዓመታዊ ዘገባ ውስጥ ይገባል። እሱ እንዲህ ባለ፣ ውሃው ተጠንፍፎ በደረቀ መሬት ላይ ድንች ይተክላል። መሬቱ የወንድሟ የኤይኖ ነበር።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ኤይኖ ግንባሩ በድንጋይ ተፈንክቶ የእርሻውን ውሃ በሚያስወጣው ቦይ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። መሬቱ ተመልሶ እንዲረጥብ የቦዩን አፍ የዘጋበት ሳንቃ ተነቅሎ አጠገቡ ወድቋል። ኦርቮኪ ካርቦኑንና የውሃውን ከፍታ ለመለካት ቦዩ ዳር የተከለችው ሣጥን ተከፍቷል፤ በሩ ላይ ተሰቅሎ የነበረው የሰዓት መመዝገቢያ ወረቀትም ተቀዷል። የዚያን ቀን በእርሻው ላይ የነበሩት ኦርቮኪ፣ ቬይኮና የሟቹ ልጅ ዮርማ ብቻ ናቸው።

የአካባቢው ፖሊስ ጣቱን ዮርማ ላይ ቀሰረ። ርስቴን ውሃ ልታስበላው ነው ብሎ ከአባቱ ጋር መጣላቱን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። መርማሪ ኬርቱ ራውቲያይነን ግን ለማሰር አልቸኮለችም። ስለ ጠቡ ስትጠይቀው አልካደም። ከሣጥኑ ሥር ወደ መሬት የሚገባውን ሽቦ ማን እንደቀበረውም ጠየቀች።

«እኔ ነኝ፤ ቁጥሩ ወደ ሄልሲንኪ የሚሄድበት ነው። አክስቴ እንደ ቀን ሠራተኛ አስቆፍራኝ ምሳ እንኳ አላበላችኝም።»

ቬይኮ ከቀትር ጀምሮ ከድንች መጋዘኑ እንዳልወጣ ተናገረ።

«ወረቀቱ ከሌለ ሰዓቱን ማን ያውቃል? እንቁራሪቶቹን ይጠይቁ እንጂ» ብሎ አላገጠ።

በማግስቱ ኬርቱ ሦስቱንና ለቀብር የመጡትን የዮርማን እህቶች በኤይኖ ሳሎን ሰበሰበች።

«ወረቀቱን የቀደደው ሰው የሣጥኑ ትውስታ ያለው እዚያ ላይ መስሎታል» አለች። «ወረቀቱ ግን ኦርቮኪ በሳምንት አንዴ በእርሳስ የምትጽፍበት ማስታወሻ ነው። ሣጥኑ ራሱ በየግማሽ ሰዓቱ የውሃውን ከፍታ በሽቦው ይልካል። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ተኩል ላይ ውሃው መውረድ ጀምሯል፤ ሳንቃው የተነቀለው ያኔ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ወረቀት ለመቅደድ አይደክምም። ኦርቮኪ ታውቃለች፤ መሣሪያው የእሷ ነው። ዮርማም ያውቃል፤ ሽቦውን የቀበረው እሱ ነው። ሰዓቱ ከወረቀቱ ጋር ጠፍቷል ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ቬይኮ።»

ቬይኮ አንገቱን ደፋ። ድንቹ እንዳይበሰብስበት ሳንቃውን ሲነቅል ኤይኖ እንደደረሰበትና ገፍትሮ እንደጣለው ቀስ እያለ ተናገረ።

«ጥለኸው ስትሄድ ይተነፍስ ነበር?» አለች ኦርቮኪ።

ቬይኮ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር፣ ሥራሽ ምንድን ነው ብለህ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

የፖሊሱ መኪና ከግቢው ከወጣ በኋላ ዮርማ ተነሥቶ ወደ እህቶቹና ወደ አክስቱ ዞረ።

«መሬቱን አልሸጠውም፤ አላደርቀውምም። ሳንቃውን ነገ ጠዋት ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። አክስቴ፣ ቁጥሩን አንቺ ትጽፊዋለሽ።»