አራተኛው ትራስ

ትራስ ለምኖ ነው የተዋወቀኝ።

የሁለተኛ ዓመት የነርስነት ተማሪዎች ነበርን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሴቶች ማደሪያ በር ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«ትርፍ ትራስ ይኖርሻል?»

«ትራስ ደግሞ ትርፍ አለው እንዴ? ያንተስ የት ሄደ?»

«ሁለት አለኝ። ሦስተኛ ፈልጌ ነው።»

«ምነው፣ ንጉሥ ነህ?»

ሳቀ። ሳቁ ደስ ስላለኝ የራሴን ሰጠሁትና ሹራቤን አጣጥፌ መንተራስ ጀመርኩ። ወንዶቹ «ባለ ሦስት ትራሱ» የሚል ስም አወጡለት፤ አብሯቸው ይስቃል። ደረጃ ስንወጣ መሃል ላይ ቆም ይላል። «ዝም ብዬ ልይሽ ብዬ ነው» ይለኛል። እኔ ሞኟ አምኜው በፍቅሩ ክንፍ አልኩ። ስንመረቅ ልንጋባ ተነጋገርን።

ከዚያ ፓቶፊዚዮሎጂ መማር ጀመርን፤ በሽታ የሰውነትን ሥራ እንዴት እንደሚያዛባ የሚያስረዳው ትምህርት ነው። የዚያን ቀን ርዕስ የልብ ድካም ነበር።

«ልብ ቶሎ እጅ አይሰጥም» አሉ አስተማሪያችን። «በፍጥነት እየመታ፣ ጡንቻውን እያወፈረ ጉድለቱን ይሸፍናል። ሰውየው ደህና ይመስላል። አቅሙ ሲያልቅ ግን ሳንባው ውሃ ይቋጥራል፤ በጀርባው ሲጋደም ያፍነዋል። ስለዚህ በሽተኛችሁን ‹ስንት ትራስ ተንተርሰህ ትተኛለህ?› ብላችሁ ጠይቁት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ከዚያ አንድ በአንድ ዝም አሉ። እሱ ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ ይጽፋል።

ውጭ ጠብቄ ያዝኩት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ በሽተኛ እሆንብሽ ነበር። ትራስ ለማኝ መባል ይሻለኛል።»

በልጅነቱ የያዘው የጉሮሮ ሕመም የልቡን ቫልቭ፣ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋውን በር፣ ጎድቶት ኖሯል። የቀረን ተስፋ ቀዶ ሕክምና ነበር፤ እሱም ልቡ ከቻለው። ቀጠሮው እስኪደርስ ሦስቱ ትራስ አልበቃ ብሎት አራተኛ ገዛሁለት።

የልብ ሐኪሙ ዘንድ አብረን ገባን። ሐኪሙ የልቡን ምርመራ ውጤት እያገላበጡ «ስንት ትራስ ተንተርሰህ ትተኛለህ?» አሉት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ሁለት።»

አፌን ብይዝ ኖሮ! ግን ነርስነቴ ቀደመኝ።

«አራት ነው» አልኩ።

ሐኪሙ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ምርመራውም የሚለው ይህንኑ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ልብህ ቀዶ ሕክምናውን አይችለውም። ዘግይቷል።»

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እጄን አልለቀቀም።

«ውሸት ብናገር እንደማያድነኝ አውቃለሁ» አለ። «ግን ‹ሁለት› ብዬ ስመልስ ለቅጽበት ፊትሽ በራ። እስከ ቤት ድረስ እንኳ እንደዚያ ሆነሽ ብትሄጂልኝ ምን ነበረበት?»

ክንዱን ይዤ አስነሳሁትና ቀስ ብለን ወጣን።

ምርቃታችን ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው አረፈ። እናቱ እኔ የሰጠሁትን ሁለቱን ትራሶች አጥበው ይዘውልኝ መጡ። «ልጄ፣ ይኸው ያንቺ» አሉኝ። አቅፌያቸው አለቀስኩ።

ዛሬ የልብ ሕሙማን ክፍል እሠራለሁ። የትራሱን ጥያቄ በየቀኑ እጠይቃለሁ። ከመጠየቄ በፊት ግን ከበሽተኛው ጋር ለመጣው ሰው በሩን እከፍትና «እባክዎ፣ ውጭ ይጠብቁን» እላለሁ።