ሠላሳ ሁለት ወር ዝምታ

የሐዋሳ ሐይቅ አርባ ምላስ አለው። አርባውንም በየማለዳው በመፋቂያ የሚፍቀው ሌዳሞ ነበር። የሐይቁ ጠባቂ መሥሪያ ቤት ለዚሁ ሥራ የተሠራ ብሩሽ ሰጥቶት ነበር፤ ብሩሹን አባ ኮዳ ዋጠው። እንግዲህ ሌዳሞ ለአለቆቹ የነገራቸው እንደዚያ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሚቆሙትን እነዚያን ራሰ በራ ወፎች ያየ ሰው ደግሞ ነገሩን ጨርሶ ሐሰት ነው ለማለት ይቸግረዋል።

ምላሶቹ የቀማሽ ናቸው። ቀማሽ ከገበያው አጠገብ ውሃው ዳር የቆመ፣ በርሜል የሚያክል መሣሪያ ነው። ዓሣ ሲዋኝ ከቅርፊቱም ከልጋጉም ትንሽ ትንሽ ያራግፋል፤ ቀማሽ ያቺን ርጋፊ በምላሱ ይለቅምና የማን እንደሆነች ይናገራል። ስንት ቆሮሶ እንዳለ፣ ስንት አምባዛ እንዳለ፣ የትኛው እንደታመመ፣ የትኛው እንደሞተ። ቁጥሩ በየጠዋቱ ገበያው መሐል በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ ይወጣል። የሚደነቅ ሰው የለም። ባጃጆቹም መሬት ለቀው መብረር ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሰውን የሚያስገርመው አየር ላይም ሆነው ጥሩምባቸውን አለመተዋቸው ብቻ ነው።

አንድ ማክሰኞ ሌዳሞ ሃያ ሦስተኛውን ምላስ እየፋቀ ሳለ ቀማሽ ተንተባተበ። ከዚያ በፊት ተንተባትቦ አያውቅም።

«ያ... ያልታወቀ» አለ። «ባለመስመር። እንቁላል በል። አየር ይስባል። ብዛት፣ ሠላሳ ሁለት።»

«ምን አልክ?»

«ከሃያ ቀን በኋላ ይወልዳሉ። እያንዳንዷ እናት አራት መቶ። በሁለት ክረምት ውስጥ የቆሮሶ ብዛት፣ ዜሮ።»

መፋቂያው ከሌዳሞ እጅ ወደቀ። ዓሣው ያልታወቀው ለቀማሽ ነው እንጂ ለእሱ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሌዳሞ ገበያ መሐል ቆሞ፣ አንድ የሜዳ አህያ ውሃ ሊጠጣ መጥቶ የአንዲት አምባዛ ፍቅር እንደያዘው፣ ልጆችም እንዳፈሩ አወራ። ሰዉ ሳቀ። ሌዳሞ ሰው ሲስቅ ይወዳል፤ አለመታመን ግን ያንገበግበዋል። በማግስቱ ሊዘጋ ከነበረ ሆቴል የመስታወት ገንዳ ሁለት ባለመስመር ጌጥ ዓሦች ለምኖ በባልዲ ይዞ መጣ። «ይኸው ልጆቹ!» አለ። ዓሣ እየበለተች በመሸጥ የታወቀችው፣ ከቢላዋዋ ይልቅ ምላሷ የሚፈጥነው እትዬ ዘርፌ ባልዲው ውስጥ አጮልቃ አየችና «አንተ! ቀለሙ እንኳ ሳይደርቅ!» አለች። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሌዳሞም ደሙ ፈላና «ቀለም ከሆነ እስኪ ይታጠብ!» ብሎ ባልዲውን ሐይቁ ውስጥ ደፋው።

አልታጠበም።

መሥሪያ ቤቱ ቀማሽ የተንተባተበ ዕለት ራስ ዋኝ መረቦቹን፣ ማለትም ያለ ሰው እየዋኙ የሚያጠምዱትን፣ ላከ። መረቦቹ ሸምበቆው ውስጥ ተጠላልፈው እርስ በርሳቸው ተጠመዱ። ባለመስመሩ ዓሣ ደግሞ ከሸምበቆው አይወጣም፤ ቁጥሩ እስኪበዛ ድረስ ቀማሽ ሳይቀምሰው የቆየውም ለዚህ ነው።

«ሰው ነው የሚያስፈልገው» አሉ የሐይቁ ኢንጂነር፣ የተጠላለፈውን መረብ በመቀስ እየቆረጡ። «ጎን ለጎን ቆሞ ሸምበቆውን በእግሩ እየረገጠ የሚያስስ ሰው። ሁለት ሺህ ቢገኝ።»

ጥሪው አርባ ሺህ መዳፍ ላይ በራ፤ በዚያ ዘመን መልእክት የሚነበበው የመዳፍ ቆዳ ላይ ነው። አርባ ሺህ አውራ ጣት አጠፋው። ቅዳሜ ጠዋት የመጡት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱ መንገድ ተሳስተው።

ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ባለፈው ዓመት ሌዳሞ አንዱን ምላስ ጥብስ ስለቀባው ሰሌዳው «በግ፣ አንድ፣ በደንብ የበሰለ» ብሎ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳውን ማን ይመን?

ሌዳሞ ያን ቅዳሜ የእትዬ ዘርፌ ጠረጴዛ ላይ ዘሎ ወጣ።

«ስሙኝ! እኔ ነኝ የጨመርኳቸው! ያኔ የደፋኋቸው ዓሦች ተዋልደዋል! ሊወልዱ ነው፣ ቆሮሶው ሊያልቅ ነው!»

«ቀለሙ ወለደ በሉኛ!» አለች እትዬ ዘርፌ።

«እትዬ፣ እናቴ ትሙት!»

«የትኛዋ እናትህ? አምና የቀበርካት ወይስ ዛሬ ጠዋት ጎመን ስትመርጥ ያየኋት?»

ገበያው አውካካ። ሌዳሞ ወረደ። አርባ ዓመት ዋሽቶ እንደዚያ ቀን የተሳቀበት ጊዜ የለም፤ በዚያ ቀን ደግሞ አልዋሸም። በጠረጴዛዎቹ መሐል ወዲያ ወዲህ ተንቆራጠጠ። ሰሌዳው «አሥራ ስድስት ቀን» ይላል። ቆመ። አሰበ። እንደገና ወጣ።

«እሺ፣ ዋሽቻለሁ» አለ። «ባለመስመር ዓሣ የሚባል የለም። ያኔም ቀለም ቀብቼ ነው።»

«ይኸው! አመነ!»

«የለም ብያለሁ። ካለ ግን፣ አንድ ሰው አንዱን ይዞ ካሳየኝ፣ አንድ ወር ሙሉ ትንፍሽ አልልም።»

አባ ኮዳዎቹ እንኳ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። እትዬ ዘርፌ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ሁለት ከተያዘስ?»

«ሁለት ወር።»

«ሃያ ከተያዘስ?»

«በዓሣው ቁጥር ልክ።»

«ውሸታም ነህ» አለች፤ «ቃልህን ግን በልተህ አታውቅም። ሰምታችኋል አይደል?»

ሰምተዋል። መሥሪያ ቤቱ ሐይቁን አድኑ ብሎ ያጣውን ሕዝብ ሌዳሞ አፌን ዝጉ ብሎ አገኘው። እሑድ ከቀትር በኋላ አራት ሺህ ሰው ወደ ሐይቁ ወረደ። አጎበር የያዘ፣ የሠርግ ድንኳን ሸራ የያዘ፣ የአልጋ ልብስ ከነትራሱ ይዞ የመጣ ነበር። ባጃጆቹ ከላይ ሆነው ጥሩምባቸውን እየነፉ ዓሣውን ወደ ዳር ነዱት። ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሸምበቆውን ረገጠ።

«አንድ ወር!» ብሎ ጮኸ አንድ ጎልማሳ፣ እጁ ላይ የሚወራጭ ባለመስመር ዓሣ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ።

ከዚያ በኋላ ዓሣ ብሎ የቆጠረ የለም።

«ሁለት ወር!»

«ሰባት ወር! ሌዳሞ፣ ሰባት ወር!»

በእያንዳንዱ ጩኸት ሌዳሞ ደስታውም ሐዘኑም እኩል ይመጣበታል። አሥራ ዘጠኝ ሲደርሱ ቁጭ አለ። ሃያ ስድስት ሲደርሱ ያልተነገሩ ወሬዎቹን ሁሉ በችኮላ ለአንድ አባ ኮዳ ይነግር ጀመር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሠላሳ አንድ ወር ሆነ። ሰዉ ተቃቀፈ፣ ጨፈረ፣ ሌዳሞን በትከሻው አነሳው። ትናንት ያላመኑት እውነት ሆኖ እንደተገኘ ያስታወሰ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

የሌዳሞ የመጨረሻ ቃል «አንዷስ?» የሚል ነበር።

ሰሌዳው «ባለመስመር፣ አንድ፣ እርጉዝ» ማለቱን ቀጠለ። ሰዉ በየቀኑ እየወጣ አሰሳት፤ አጣት። በገበያውም ላይ አንድ የማይመች ነገር ወደቀበት። ደንበኞች ዓሣቸውን ገዝተው ይቆማሉ፤ የሆነ ነገር እንደረሱ ሁሉ ይቆማሉ፤ ከዚያ ይሄዳሉ። በሳምንቱ «ሌዳሞ ቢኖር ምን ይል ነበር?» መባባል ጀመሩ፤ እሱ እዚያው መሐላቸው ቆሞ። እትዬ ዘርፌ በየጠዋቱ አንድ ስኒ የዓሣ ሾርባ ታመጣለታለች። አጠገቡ ቆማ ትጠብቃለች። እሱ ይጠጣል። ትሄዳለች።

አራት ቀን ሲቀር፣ ዓሣዋ ሆዷ እየገፋ ጣዕሟም እየበረታ ስለሄደ፣ ቀማሽ የት እንዳለች መናገር ቻለ። «አሥራ ሰባተኛ ምላስ» አለ።

አሥራ ሰባተኛው ምላስ ከእትዬ ዘርፌ ጠረጴዛ ሥር፣ ከእንጨት መረማመጃው በታች ነው። ሌዳሞ ውሃው ውስጥ ገብቶ በእጁ ዳበሰ። ሽቦ ነካ። ሽቦውን ሲስበው ግማሹ ከውሃው በላይ የተንጠለጠለ የሽቦ ቅርጫት ብቅ አለ። ውስጡ ሆዷ የተነፋ ባለመስመር ዓሣ፣ የቆሮሶ ትራፊ ተጥሎላት፣ ተመችቷት ትዋኛለች።

ቀና ሲል እትዬ ዘርፌ ከላይ ቆማለች።

«ምን ታፈጣለህ? እኔ ነኝ» አለች። «የዚያን ዕለት ያዝኳትና ፊትህን አየሁት። ብገድላት ቀማሽ ይነቃል፤ ሰሌዳው ዜሮ ይላል፤ አንድ ወር ይጨመርብሃል። አሰርኳት። ታስራ ማንን ትጎዳለች?»

ሌዳሞ የዓሣዋን ሆድ በጣቱ አሳያት። እትዬ ዘርፌ አላየችም፤ ወይም ማየት አልፈለገችም።

«ሠላሳ አንድ ወር አይበቃህም? ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው እኮ፣ ሌዳሞ። አፍህ እስኪፈታ የምቆይ ይመስልሃል?»

ሌዳሞ አፉን ከፈተ። ምላሱ ጫፍ ድረስ የመጣውን ቃል መልሶ ዋጠው። በምትኩ እጇን ይዞ ወደ ታች ሳባትና ጣቷን የቅርጫቱ ሽቦ ላይ አሳረፈው። ከሽቦው ቀዳዳ የክብሪት እንጨት የምታክል ባለመስመር ነገር፣ ጭንቅላቷ ውጭ ጭራዋ ውስጥ፣ ተሰንቅራ ትወራጫለች። እናትየው ከቀኗ ቀድማ መውለድ ጀምራለች።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች እትዬ ዘርፌ። ነጠላዋን ከትከሻዋ መንጭቃ ቅርጫቱን ዙሪያውን ጠቀለለችው፤ እሱ ከታች ገፋ፣ እሷ ከላይ ጎተተች፤ ጣውላው ላይ ወጣ። አንዲትም አላመለጠችም። ቢላዋዋን አነሳች። እጇ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘገየ።

«ሠላሳ ሁለት» አለች።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ርጋፊዋ ከውሃው ሲጠፋ፣ ሰሌዳው «ባለመስመር፣ ዜሮ» አለ። ከተማው በጥሩምባ ተናወጠ። እትዬ ዘርፌ ሕዝቡ ወሬ አጥቶ እንዳይከርም ብላ ጠረጴዛዋ ላይ ወጣችና የሜዳ አህያውን ታሪክ ራሷ አወራች። አበላሸችው። የሜዳ አህያውን በቅሎ አደረገችው፤ በቅሎ እንደማትወልድ እየታወቀ። ሌዳሞ ቀማሹ አጠገብ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል። ማረም አይችል፣ መሄድ አያስችለው።

«ለመዝገብ» አለ ቀማሽ። «የመጨረሻዋ ዓሣ አሥራ አንድ ቀን እንዴት ተረፈች? ሸምበቆ? የመረብ ቀዳዳ? የምላስ ብልሽት?»

ሌዳሞ መፋቂያውን በእጁ አገላበጠ።

«መልስ የለም። ምክንያቱ ሌላ ከሆነ ናሙና ያቅርቡ።»

ሌዳሞ አጠገቡ የተቀመጠውን የዛሬውን ሾርባ አየ። መፋቂያውን ስኒው ውስጥ ነከረና አንዱን ምላስ ቀባው።

«ቆሮሶ» አለ ቀማሽ። «ሎሚ። ቃሪያ። ጨው በዝቷል።» ቆየ። እንደገና ላሰ። «ሌላም አለ። መዝገቤ ውስጥ የለም። ወደ ሐይቁ የገባው ሾርባውን ከሠራው ሰው እጅ ነው። ጎጂ ነው? አዎ ወይም አይደለም ይበሉ።»

ሌዳሞ ወደ ገበያው ዞረ። እትዬ ዘርፌ እጆቿን እያወናጨፈች በቅሎዋን ታዋልዳለች፤ ሰዉም እንባው እስኪወርድ ይስቃል። ቀማሽ ጥያቄውን ደገመ። ሌዳሞ አፉ በመታሰሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለው።